ሁለቱ ኦሳዳ ኪዮሺዎች

ከግድቡ መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት በመቃብሮቹ መካከል ቆሞ አንዴ በእጁ ያለውን ወረቀት፣ አንዴ ከፊቱ የተደረደሩትን ድንጋዮች ያያል። ድንጋዮቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። በሠላሳ አንዱም ላይ የተቀረጸው አንድ ነው፤ የኦሳዳ ቤት አባቶች መቃብር ይላል።

«አባት፣» አለ ወደ ቶኩጂ ዞሮ፣ «ይኼኛው የማን ነው?»

«የኦሳዳ።»

«እሱንማ አነበብኩት።»

አካፋቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ሠራተኞች ሳቁ። «አለቃ፣ እርስዎ ገና አንድ ቀንዎ ነው፣» አለ ከመካከላቸው ጥርሱ የወለቀው። «እኛ ሁለት ወራችን ነው። በኦሳዳ ድልድይ ተሻግረን፣ በኦሳዳ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ ኦሳዳ የሚባል የሩዝ አረቄ ጠጥተን፣ ስንሰክር የሰደበንም ኦሳዳ ነው።»

«ተራራውስ?» አለ ሌላው።

«ተራራውም ኦሳዳ ነው። ያገባ እንደሆን ግን አላወቅኩም።»

ቶኩጂ አልሳቀም። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ሠላሳውን ዓመት የመንደሩ ጸሐፊ ሆኖ ኖሯል። ከሥራው ከተሰናበተ አራት ዓመት ቢያልፈውም ይህን ዝርዝር ሊያወጣ የሚችል ሌላ ሰው ስለጠፋ ለምነው አመጡት። በመከር ውሃው ሸለቆውን ይሞላል። እስከዚያ ሙታኑ ሁሉ ተቆፍረው፣ ተቆጥረውና ስማቸው ተጽፎ ከዘመዶቻቸው ጋር መሄድ አለባቸው።

መንደርተኛው ሁሉ የቤተሰብ ስሙ ኦሳዳ ቢሆንም እርስ በርሱ ኦሳዳ ተባብሎ አያውቅም። ኦሳዳ ብሎ የሚጣራ ግብር ሰብሳቢ ወይም ፖሊስ ብቻ ነበር። ሰው የሚጠራው በቤቱ ነው፤ ላይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ምንጭ ቤት፣ ቀርከሃ ቤት። ቶኩጂ ራሱ የደወሉ ይባላል፤ የእሳት አደጋ ደወል ከአጥሩ በር ላይ ተሰቅሎ ስለኖረ። መንግሥት ግን ደወልና ወፍጮ አያውቅም፤ ለየቤቱ ቁጥር ሰጥቷል። ያንን ቁጥር ከጸሐፊው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ለማወቅ የፈለገም የለም።

«ይኼ የላይ ቤት ነው፣» አለ ቶኩጂ። «ቁጥር አንድ ብለህ ጻፍ።»

የላይ ቤት መቃብር ማለዳ ተከፍቶ ነበር። የቤቱ እመቤት ቺዙ ጥቁር የሐዘን ቀሚሷን፣ ኪሞኖዋን፣ ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ከዝግባው ሥር ተቀምጣለች። የሙታኗ አጥንት ያለባቸው ማሰሮዎች በነጭ ጨርቅ ተቋጥረው ከጎኗ ተደርድረዋል፤ አንዷን ትንሽ ማሰሮ ብቻ ጭኗ ላይ አድርጋለች። በእኩለ ቀን የወንድሟ ልጅ በመኪና መጥቶ ወደ ናጎያ ከተማ ይወስዳታል። ቶኩጂ ወደዚያች ትንሽ ማሰሮ ላለማየት ፊቱን ዞር ያደርጋል፤ ዞር ባለ ቁጥርም ያያታል። ማሰሮዋ ውስጥ ያለው የላይ ቤት ልጅ አለመሆኑን የሚያውቅ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ከእኩለ ቀን በኋላ ደግሞ ማወቁ ለማንም አይጠቅምም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመንደሩ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ኪዮሺዎች ነበሩ፤ አንዱ የላይ ቤት፣ ሁለተኛው የወፍጮ ቤት። በአንድ ቀን ለጦርነቱ ተጠርተው፣ በአንድ ክፍለ ጦር ተሰልፈው፣ በአንዲት የደቡብ ደሴት ላይ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሞቱ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ በሩዝ አጨዳ ሰሞን፣ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ባቡር ጣቢያ ደርሰዋልና ተረከብ ተብሎ ጸሐፊው ቶኩጂ ወረደ። ሁለቱንም እንደ ሥርዓቱ በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አራት ሰዓት የሚያስኬደውን ዳገት ጀመረ።

ሲራመድ ሳጥኖቹ ድምፅ ነበራቸው። አንደኛው እንደ ደረቅ ባቄላ ቀስ ብሎ ኮሽ ይላል። ሁለተኛው በየእርምጃው ጓ፣ ጓ ይላል። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ነበር፤ አጥንቱ ላልተገኘ ወታደር ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ይገባል። ቶኩጂ ዳገቱ አናት ላይ አረፈና በሳጥኖቹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። ኮሽ የሚለው፣ ኦሳዳ ኪዮሺ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት። ወፍጮ ቤት ነው። ጓ የሚለው፣ ኦሳዳ ኪዮሺ፣ ቁጥር አንድ። ላይ ቤት ነው።

የላይ ቤት ጌታ የመንደሩ ሹም ነበሩ፤ ቶኩጂንም ጸሐፊ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰፊ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ሳጥኑ ሲከፈት፣ ድንጋዩ ምንጣፉ ላይ ሲንከባለል በሐሳቡ ታየው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አቃተው። በወፍጮ ቤት ወለል ላይ ሲንከባለልም ታየው፤ ያንን ግን የሚችለው መሰለው። ወረቀቶቹን በምራቁ አርሶ ላጣቸውና አቀያየራቸው። ያዘዘው አልነበረም። የጠየቀውም አልነበረም።

«ቀጥሎስ፣ አባት?» አለ ወጣቱ።

«ቁጥር አሥራ ሰባት፣» አለ ቶኩጂ። «ወፍጮ ቤት።»

የወፍጮ ቤቷ ሳዮ በዚህ ጊዜ ከወንዙ በኩል ስትመጣ ታየች። ማለዳ አንድ ነገር በጨርቅ ቋጥራ ስትወርድ ቶኩጂ አይቷት ነበር። አሁን ጨርቁ ባዶ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል። እሷና ቶኩጂ አብረው ያደጉ፣ አንድ ወንዝ የዋኙ ናቸው፤ ባሏ ከሞተባት ስምንት ዓመቷ ነው።

«የደወሉ፣ ገና ቆጠራ ላይ ነህ?»

«ገና ነኝ።»

«አይዞህ፣ እነዚህ እንኳ ግብር ሲጠየቁ ጫካ አይገቡም።» መቃብሯ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና በጨርቅ የተቋጠረውን የባሏን ማሰሮ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይኼን አወጣሁት። ቅልል ብሏል። በሕይወቱ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።»

«ኪዮሺስ?» አለ ቶኩጂ። ለዝርዝሩ ማወቅ ነበረበት።

«እሱንማ ለወንዙ መለስኩለት።»

ቶኩጂ ትከሻዋ ላይ ወዳለው ባዶ ጨርቅ ተመለከተ።

«ድንጋይ አልነበር? የወንዝ ድንጋይ ነው፣ ልሙጥ፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለው። አሥራ ሦስት ዓመት እንደ ወጉ መቃብሩ ላይ ውሃ አፈሰስኩለት፣ የመጀመሪያውን ሩዝ ለእሱ አቀረብኩለት። አዲሱ ሰፈር ተሸክሜው ብሄድ፣ ያቺ እብድ ድንጋይ አዝላ መጣች ይሉኛል። ትናንት ተኝቼ ሳስበው፣ ልጄ ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ ወንዙም የሚሄደው ወደ ባሕር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርኩት። የት እንደወደቀ ባየው ነገ ተመልሼ እፈልገው ነበርና።» ትንሽ ፈገግ አለች። «በቃኝ፣ የደወሉ። ቀለለኝ።»

ፊቷ እውነትም ቀሎት ነበር። ቶኩጂ ያን ፊት እያየ፣ አሁን ዝም ማለት ደግነት እንደሚሆን አወቀ። እስከ ዛሬ ዝም ያለው ግን ደግ ሆኖ አልነበረም። አፉ ተከፈተ።

«ሳዮ፣ ያንቺ ልጅ አጥንት ነበረው።»

ነገራት። ሳጥኖቹን፣ ዳገቱን፣ ወረቀቶቹን፣ ምራቁን ሳይቀር ነገራት። ወጣቱ ጥቂት እርምጃ ራቀና ወረቀቱን የሚያነብ መሰለ። ሠራተኞቹም ወደ መቆፈራቸው ተመለሱ።

ሳዮ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ቁጥሬ ስንት ነው ያልከኝ?»

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት፣» አለች፣ አዲስ ቃል እንደምትማር ሁሉ። ከዚያም፣ «ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

ቶኩጂ ቆቡን አወለቀ።

«እሺ ዛሬ ማለዳስ? በፊትህ አይደል ያለፍኩት?»

«የያዝሽውን አላወቅኩም።»

«አልጠየቅክማ፣» አለች። ተነሥታ ጨርቋን አራገፈች። «ና፣ ቅደም።»

ቺዙ ሁለቱ ሲመጡ ጃንጥላዋን አላጠፈችም። ቶኩጂ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። አሁን አጭር ሆነለት።

«ጌታዬ ያውቁ ነበር?» አለች ቺዙ። ስለ ሟች ባሏ ነበር የምትጠይቀው።

«አያውቁም፣ እመቤቴ። ማንም አላዘዘኝም።»

«ሲሞቱ ከዚህ ማሰሮ ጎን ቅበሩኝ ብለው ነበር። እስኪሞቱ ከቤት አላስወጡትም፤ እጃቸውንም እሱ ላይ አድርገው ነው የሞቱት።» ጭኗ ላይ ያለችውን ማሰሮ ተመለከተች። «ውሸታም ሁነህ አታውቅም፣ የደወሉ። ፈሪ ነህ እንጂ። ስለዚህ አመንኩህ።»

ቋጠሮውን አጠበቀች፤ የላላ መስሏት ነበር። «አንቺ፣ ጠጋ በይ።»

ሳዮ በሁለት እጇ ተቀበለች። አልከፈተችውም። ክብደቱን ብቻ በመዳፏ ላይ ያዘችው፣ ፊቷም ያ ቅልል ያለው ፊት አልነበረም።

«እንግዲያው የእኔን ስጪኝ፣» አለች ቺዙ።

ሳዮ ማሰሮውን ደረቷ ላይ አስጠግታ መሬት መሬት አየች። «እመቤቴ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

«ምን እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከቤቴ ስም ጋር የመጣ ነው። አምጪው።»

«ወንዝ ጣልኩት። አሁን፣ ማለዳ። ከድልድዩ በታች።»

ቺዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃንጥላዋን አጠፈች። አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ቶኩጂ አየች። «ሂድ፣» አለችው። «አምጣልኝ።»

ወረደ። የበጋ ውሃ ነውና እስከ ጭኑ ብቻ ነበር፤ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ፈጣንም ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ወለሉ በሙሉ ልሙጥ ድንጋይ ነው። አመዳማ፣ የልጅ ጭንቅላት የሚያህሉ፣ ጡጫ የሚያህሉ፣ እንቁላል የሚያህሉ። ነጭ መስመር ያለው ብርቅ መስሎት ነበር፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ስድስት አገኘ።

ሳዮ ማሰሮዋን እንደያዘች ድልድዩ ላይ መጥታ ቆመች። አንዱን ድንጋይ ወደ ላይ አነሣላት። ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን አነሣ። «መስመሩ ቀጭን ነው፣» አለች። ሦስተኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር በጥፍሩ ቆፍሮ አወጣው። ጡጫ ያህላል፣ ልሙጥ ነው፣ ነጩ መስመር ወገቡን ዞሮታል።

ሳዮ ከድልድዩ ጠርዝ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሆናል፣» አለች በመጨረሻ። «አላውቅም፣ የደወሉ። እንጃ።»

ከላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የቺዙ የወንድም ልጅ ደርሷል። ቶኩጂ ድንጋዩን በሁለት እጁ እንደያዘ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቺዙ ያንን ድንጋይ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ይኼ ነው ቢላት ትቀበላለች፤ ናጎያ ወስዳ ከባሏ ጎን ታኖረዋለች፤ ውሃ ታፈስለታለች። ሳዮም ዝም ትላለች። ማንም አይጎዳም። ያኔ ዳገቱ አናት ላይም ልክ እንዲህ ብሎ አስቦ ነበር። ጥሩምባው ደገመ። ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ከነበረበት ጉድጓድ መለሰው፤ ውሃውም ወዲያው ሸፈነው።

ባዶ እጁን ሲመለስ ማሰሮዎቹ ተጭነዋል፣ ቺዙም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች።

«አላገኘሁትም፣ እመቤቴ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ሱሪው ያንጠባጥባል።

«ማንኛውንም ብታመጣ እቀበልህ ነበር፣» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለዚያኛው ጊዜ የሚሆን ነበር ይኼ ድፍረትህ፣» አለችና መስኮቱን ዘጋች። መኪናው በኦሳዳ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ሳዮ ልታሳልፈው ወደ ጠርዙ ተጠጋችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ቀና ብላ ወደ ቶኩጂ ሳትመለከት፣ ማሰሮዋን እንደታቀፈች በታችኛው መንገድ ሄደች።

ወጣቱ ባለሥልጣን ጥቂት ታግሦ መጣ። «ይቅርታ አባት፣ ማታ ዝርዝሩን ማስረከብ አለብኝ። ከቁጥር አንድ መቃብር ሁሉም ሰው ወጥቷል ብዬ ልጻፍ?»

«አንድ ይቀራል።»

«የት?»

«እዚሁ። ውሃው ውስጥ።»

«ስሙስ?»

«ኦሳዳ ኪዮሺ።»

ወጣቱ ጻፈና ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች አወረደ። «ይኸው ቁጥር አሥራ ሰባት ላይም ኦሳዳ ኪዮሺ ተብሏል። ዕድሜው አንድ ነው፣ የሞተበትም ቦታ አንድ ነው። ተደግሞብን ይሆናል። አንዱን ልሰርዝ?»

ቶኩጂ ከሱሪው ጫፍ ውሃውን ጨመቀ።

«አትሰርዝ፣» አለ። «ሁለት ናቸው።»