ሰላምታ ሳያልቅ

"ምን በድዬህ ነው ሁለት ያደረግከኝ?" አለች ሲስተር ሮማነወርቅ፣ ገና በሩ ላይ።

ሚልኬሳ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። "ሁለተኛው ኮፒ እኮ በነፃ ነው፣ ሲስተር። ካላስፈለገሽ መልሺው፤ ጀርባው ለረቂቅ ይሆነኛል።"

"ወረቀት አይደለም! እኔን ነው ሁለት ያደረግከኝ!"

ያን ጊዜ ቀና አለ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለችው የሚልኬሳ ኢንተርኔት ቤት ስምንት ኮምፒውተርና አንድ ሰፊ ማስታወቂያ አላት፦ "ከሁሉ ፈጣን"። ባለቤቷም ከማስታወቂያው አያንስም፤ "እንደምን አደርክ" ሲሉት "ስንት ገጽ ነው?" ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ሰፈሩ ለምዶታል። ዳገቱን ወጥቶ ትንፋሹ ለተቆረጠ ሰው አጭር ሰላምታም አይከፋም።

ሮማነወርቅ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ባሏ ማቲዎስ እዚሁ፣ ከኢንተርኔት ቤቱ ጀርባ ባለው ቤታቸው ታሞ ተኝቷል፤ ኩላሊቱ ነው። ሐኪሞቹ "ዓመቱን ከደፈነ ተመስገን ነው" ብለዋታል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየመጣች ታጥበዋለች፤ በመሃሉ ያለው በጎረቤት እጅ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ቅጽ ሞላች። "ላክ" የሚለውን የተጫነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሚልኬሳ አጠገቧ ቆሞ አይቷል።

"መገናኛ ያለው የዝውውር ቢሮ ሄጄ ነበር" አለች ወንበር ስባ። "ስሜ ሁለቴ ገብቷል፣ በሦስት ሰከንድ ልዩነት፣ ከዚህ ቤት። 'ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ይሰረዛል፣ መመሪያ ነው' አለኝ መዝጋቢው። ቀጣዩ ምዝገባ ለከርሞ ነው። ቅሬታ የሚቀበሉት ደግሞ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። ጥፋቱ የምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከነማኅተሙ አምጪ ተብያለሁ።"

"መስመር ተቆርጦ ነው በያቸው።"

"ብያለሁ። 'መስመርማ ለሁሉም ይቆረጣል፤ ሌላው ለምን ሁለት አልሆነም?' አለኝ።"

ሚልኬሳ ዞር ብሎ ሦስተኛውን ኮምፒውተር አየ። ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡት አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። ሰውዬው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ያረቅቃሉ።

"ምን ሠርተሃል፣ ልጄ?"

"ምንም... ብራውዘሩ ላይ አንድ ነገር አብርቼ ነበር። ገና በሙከራ ላይ ያለ የፍጥነት ዘዴ ነው።" ድምፁ አነሰ። "በድሮው ብራውዘሩና ሰርቨሩ፣ ማለት የቢሮው ኮምፒውተር፣ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንተ ማን ነህ፣ እውነት አንተ ነህ ወይ ይባባላሉ። ጉዳዩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ግን የሚያውቀውን ሰርቨር ሲያገኝ ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳዩን ይወረውራል።"

"ልክ እንደ አንተ ነዋ!" አሉ ሽማግሌው።

"ይፈጥናል፣ አባባ። ግን መስመር ሲቋረጥ ያንኑ ቃል ደግሞ ሊልከው ይችላል። መሃል ላይ የጠለፈው ሰው ካለም፣ ይዞት ቆይቶ እንዳለ መልሶ ሊልከው ይችላል። ሰርቨሩ ካልተጠነቀቀ አዲስ ጉዳይ ይመስለዋል።"

"የኔን የደገመው የትኛው ነው?" አለች ሮማነወርቅ።

"አይታወቅም።"

"እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር?"

"ሳበራው ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። 'እሺ' የሚለውን ተጫንኩ።"

"አንብበኸው?"

"ረጅም ነበር" አለ ሚልኬሳ።

አቶ ወልደሰንበት ብዕራቸውን አወጡ። "በል፣ ያልከውን እንዳልከው እጽፈዋለሁ። አንተ ትፈርማለህ፣ ማኅተም ትመታለህ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ትደርሳለች።"

ሚልኬሳ ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣና በእጁ ይዞት ቀረ። በዚያ ሳምንት እዚህ ቤት ቅጽ የሞላው ሰው ከአርባ ይበልጣል፤ ይህን ወረቀት የሰማ ሁሉ ነገ በሩ ላይ ነው። የፈቃድ እድሳቱም ሰኔ ላይ ነው። ደግሞስ በዚህ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት "መሃል ላይ የጠለፈው ሰው" የሚል ቃል ፈርሞ ለመንግሥት ቢሮ የላከ፣ ጠላፊው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይላል?

ተነሣ። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሎ ያንን ነገር አጠፋው። ሁለተኛውም ላይ አጠፋው። ሦስተኛው ላይ እጁ ትንሽ ዘገየ፤ እሱንም አጠፋ። ስምንቱን ሲጨርስ ተመልሶ ተቀመጠና ራሱ ጻፈ፦ "ምዝገባው በድርጅታችን ሲከናወን የመስመር መቆራረጥ እንደነበረ እናረጋግጣለን።" ማኅተሙን መታበት። ቀለሙ ጥርት ብሎ ወጣ።

"ይኼን አይቀበሉም አልኩህ እኮ።"

"ማኅተም አለው፣ ሲስተር። ማኅተም ሲያዩ ይለሰልሳሉ።"

"ሦስተኛውን ኮምፒውተር መጥተው ቢያዩትስ?" አሉ አቶ ወልደሰንበት።

"ምንም አያገኙበትም።"

ሽማግሌው ብዕራቸውን ከድነው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። ሮማነወርቅ ወረቀቱን አጣጥፋ ከማቲዎስ መድኃኒት ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ሚልኬሳ ከኋላዋ ብድግ አለ።

"ሲስተር... ጋሽ ማቲዎስስ እንዴት ነው?"

"እሱማ ለከርሞ ተመዝግቧል፤ ከደረሰ" አለች።