ዳኛው ሲጠራ

«ቀኝ እጅህን ቀስ፣ ቀስ!» አለች የዳኛው ሚስት፣ ባሏን ደግፋ ከድራሙ ኋላ እያስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሳክስፎኒስቱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሸሚዝ ብቻ ሦስቴ አስቀየረኝ፤ ሙሽራም እንዲህ አይሆን። ወንድሜ፣ ዛሬ ከመለሱት ዳግመኛ በትር አይነካም። አደራህን።»

«ማን አባቱ ይመልሰዋል?» አላት ሳክስፎኒስቱ።

አፉ ደፈረ እንጂ ሆዱ ፈርቶ ነበር። ከስቱዲዮው ጥግ አንዲት ወጣት ድራመር በትሮቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ያስጠራት ባንዱን የሚመራው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ» ብሎት ነበር ጠዋት፤ «ግን ቀረጻው ነገ ነው። በልምምዱ አንዴ ከሳቱ እሷ ትተካለች።»

ዳኛው የሚለውን ስም ያወጡለት የጥንት የባንድ ጓደኞቹ ናቸው። ድራሙን ለብቻው ተጫውቶ ሲያበቃ ትልቁን የነሐስ ሲምባል አንዴ ይመታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ዜማው ይገባል፤ ይግባኝ የለም። አምና ግን ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መታው። ቀኝ እጁ እንደ አኩራፊ ልጅ ሲለምኑት እንጂ ሲያዙት አይሰማም።

ሳክስፎኒስቱ ያለበትን ውለታ የሚያውቁት እሱና ዳኛው ብቻ ናቸው። የዛሬ አርባ ዓመት፣ ስሙን ያስጠራውን የጃዝ ሸክላ ሲቀረጹ፣ ድራሙ ገና ለብቻው እየተጫወተ ሳለ ሳክስፎኒስቱ ቆጠራ ጠፍቶት ስምንት ምት ቀድሞ ገባ። ዳኛው ዓይኑን ሳያርገበግብ ሲምባሉን መታ፤ ባንዱም ተከትሎ ገባ። የስቱዲዮው ባለቤት «ማነው የቸኮለው?» ብሎ ሲቆጣ፣ ዳኛው «እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ። ሸክላው ወጣ። ያቺ ድንገተኛ አገባብ የሳክስፎኒስቱ ጥበብ ተባለች፤ በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተማሪው እሷኑ ሲያጠና ይውላል። ዳኛው አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሳክስፎኒስቱም በተጨበጨበለት ቁጥር እጅ መንሳቱን ለመደው፤ ልማድ ክፉ ነው።

ልምምዱ በደህና ተጀመረ። የድራሙ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው መቁጠር ያዙ። ዳኛው ግራ እጁ የቀኙንም ሥራ ደርቦ እየሠራ፣ ያንኑ የድሮ ምቱን አመጣው። ሳክስፎኒስቱ እንባው መጣ፤ እንዴት ናፍቆት ኖሯል! ወዲያው ሲምባሉ ጮኸ። ስምንት ምት ቀድሞ ነበር።

ማንም አልገባም። የዳኛው ፊት ጠቆረ፤ በትሩ አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሳክስፎኒስቱ መሣሪያውን አፉ ላይ ደግኖ ባለ በሌለ ትንፋሹ ገባ። ቤዙ ደንገጥ ብሎ ተከተለው፤ ፒያኖውም ተከተለ። ዳኛው በትሩን አወረደ፤ ዜማው ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ሄደ።

መሪው ወረቀቱን በእርሳስ መታ መታ አደረገ። «ስምንት ምት ቀደማችሁ። ማነው የቸኮለው?» አለና ወደ ወጣቷ ድራመር አየት አደረገ።

«እኔ ነኝ ቶሎ ጥራኝ ያልኩት» አለ ሳክስፎኒስቱ። «ዛሬ የሳተ የለም። የሳትኩትስ የዛሬ አርባ ዓመት ነው። ቆጠራ ጠፍቶኝ ዘው ብዬ ገባሁ፤ ሸፋፍኖ ያወጣኝ እሱ ነው።»

«ያቺ አገባብ... ስህተት ነበረች?» አለ መሪው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በሷ ላይ ነው!»

«እንግዲህ ምን ይደረግ ልጄ፣ ተመርቀሃል።»

ወጣቷ ድራመር ሳቋ አመለጣት። ዳኛው ግን ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው። «አንተ ውሸታም» አለው በተንሻፈፈ አፉ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነበር።

መሪው እርሳሱን እንደያዘ አመነታ። «ታዲያ ነገ እንዴት እናድርገው?»

ሳክስፎኒስቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት የኖታ ማስቀመጫውን አነሳ። አርባ ዓመት ሙሉ ከቆመበት ከፊት መሐል ወስዶ ከድራሙ ጎን፣ ከዳኛው ቀኝ እጅ አጠገብ አቆመው።

«ነገ የምቆመው እዚህ ነው» አለ። «በጠራኝ ሰዓት እገባለሁ።»