በአባባ ወንበር ላይ የጠፋው ድምፅ

ጆሮው አይደለም፣ ጆሮው ሊሆን አይችልም፣ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከአልጋው ሆኖ ሰምቶ ዝጉት እንጂ የሚል ሰው የገዛ ጊታሩ ድምፅ እንዴት ይጠፋዋል፣ ጠጋ በሉማ፣ ጊዜያችሁን የሚክስ ወሬ ነው፣ ልጅቱ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ሸሚዝ እያጠበች ነው፣ እጇ ሳሙናው ላይ፣ ልቧ ሳሎን፣ ሳሎን ውስጥ አባቷ ቤዝ ጊታሩን በጨርቅ ይወለውላል፣ ሩቅ አገር እንደሚሸኝ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ድራመሩ መጥቶ ይወስደዋል፣ ለባንዱ አዲስ ልጅ ይሁን፣ እኔ ጆሮዬ ከድቶኛል፣ በቃኝ፣ አለ ትናንት፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ቀለል አድርጎ።

በቃኝ። አባባ በቃኝ ብሎ አያውቅም።

ቀን የሰው ቤት መብራት ይዘረጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዙን ይዞ ከባንዱ ጋር ይወጣል፣ አሁን ግን ሳሎኑ ቀለም ከተቀባ ወዲህ የባንዱን የድሮ ካሴት በከፈተ ቁጥር ዘፋኙ አለ፣ ድራሙ አለ፣ እሱ የለም፣ ድራመሩ በስልክ ሳቀበት፣ ድሮስ መቼ ትሰማ ነበር አንተ፣ ተከተለኝ እያልኩህ ቀድመኸኝ ስትከንፍ የኖርክ ሰውዬ፣ አባባም አብሮት ሳቀ፣ ስልኩን ሲዘጋ ግን ሳቁ የለም፣ እሷ ደግሞ ከኩሽና በር ሆና ቤዙን ትሰማዋለች፣ ዱም ዱም፣ ይሰማል እኮ አባባ፣ ተይ የኔ ልጅ፣ ለኔ ብለሽ አትዋሺ፣ እሷ ዋሸች እንዴ፣ ወይስ እሱ ደነቆረ፣ ወይስ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ልክ ከሆኑ ደግሞ።

ጠብ።

ከቧንቧው አንድ ጠብታ ሳፋው ላይ ወደቀ፣ ገመዱ ላይ ከተሰጣው ሸሚዝ ሌላ፣ ጠብ፣ ሁለት ክብ እየሰፋ መጣ፣ ተገናኙ፣ አልተጣሉም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ መንገዱን ቀጠለ፣ ግን ሲተላለፉ፣ ጉብታ ከጉብታ የገጠመበት ውሃ ከፍ አለ፣ ጉብታ ከስርጉድ የገጠመበት ደግሞ ዝም፣ ለጥ ያለ፣ ምንም እንዳልወደቀበት፣ ይሄን ሽፋኑ የወለቀው የፊዚክስ መጽሐፍ ነግሯታል፣ ሞገዶች ሲገናኙ ይደማመራሉ፣ አንዳንዴም ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ፣ ድምፅም ሞገድ ነው፣ ቆይ ቆይ፣ የሳሎኑ ስፒከሮች ሁለት ናቸው፣ የአባባ ወንበር እኩል መሃላቸው ነው፣ እና በዚህ ቤት የአባባ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ያውቃል።

ማንም።

አረፋው ከእጇ ሳይወርድ ሳሎን ገባች፣ ተነስ እስቲ አባባ፣ ከወንበሬ፣ አዎ ከወንበርህ፣ ዘመኑ ከፋ እያለ ተነሳ፣ ካሴቱን ከፍታ ተቀመጠች፣ ዘፋኙ አለ፣ ድራሙ አለ፣ አባቷ የለም፣ ወደ ግራው ስፒከር ተጠጋች፣ ዱም ዱም፣ ተመለሰች፣ የለም፣ ሳቋ መጣ፣ የስፒከሮቹን ጀርባ ስታይ ቀለሙ የለቀቀ ሽቦ፣ በአንዱ በኩል ቀዩ በጥቁሩ ቦታ።

ማነው የሰካው?

እኔ ነኛ፣ ሳሎኑ ቀለም ሲቀባ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ሁለት ሽቦ ነው፣ ምን ልዩነት አለው፣ አምፖል ቀኝና ግራ አያውቅም።

አምፖልስ አያውቅም አባባዬ፣ ስፒከር ግን ያውቃል፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ መሃል ለተቀመጠ ሰው ግፊቱና ስበቱ ይጣፋሉ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠፋው ደግሞ ሞገዱ ረጅም የሆነው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ያንተው፣ ትለፈልፋለች፣ እሱ የሚያየው ግን አፍንጫዋ ላይ የቀረውን አረፋ ነው፣ ካቻቢቴ አቀበላት፣ ሽቦውን አዟዟረች፣ ተቀመጥ።

ተቀመጠ። ጣቱ ጉልበቱን መታ፣ ዱም፣ ደግሞ ዱም፣ ፊቱ ላይ ሊስቅ የነበረ ነገር መጣና ቆመ፣ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ምነው አባባ፣ አልመጣም እንዴ።

መጥቷል። እዚህ ጋ ቀድሜዋለሁ።

ማንን?

ድራሙን። ያ ሰውዬ እውነቱን ነው።

በሩ ተንኳኳ፣ ድራመሩ ነው፣ የታለ ዕቃው፣ ይላል ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ አባባ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል፣ ና ቁጭ በል፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው፣ ዕቃውን ግን አታገኘውም፣ ልጅቱ ወደ ሳፋዋ እየተመለሰች ነው፣ ቧንቧውን ልዝጋው ብላ ተወችው፣ ጠብ ጠብ ይበል፣ እናንተም ሳፋ ውሃ ሙሉና ሁለት ጣታችሁን ወዲህና ወዲያ ነካ ነካ አድርጉት፣ ውሃው ዝም የሚልበትን ቦታ ፈልጉት፣ ካገኛችሁት በኋላ ደግሞ አልሰማም የሚል የቤት ሰው ካላችሁ፣ ከማዘናችሁ በፊት፣ ሂዱና እሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ።