እግሩ የጎበጠው ፊደል

«እንኳን ለባልሽ ልደት አደረሰሽ! እንኳን ለአማትህ ልደት አደረሰህ!» ሲትስከ ክብ ሠርተው የተቀመጡትን እንግዶች በየተራ እየጨበጠች ነው። በሆላንዷ የወደብ ከተማ በሃርሊንገን አንድ ሰው ልደት ሲኖረው ቤተ ዘመዱም ጎረቤቱም ይጨበጣል፤ አንዱን መዝለል ነውር ነው። እሷ ግን ዙሩን ጨርሳ ቶሎ ማምለጥ ነበር የፈለገችው። ባለልደቱን ዎበን ቀና ብላ ማየት አቅቷታል።

ዎበ ዛሬ ሰማንያ ሞላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጀልባ ላይ ስም ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለሲትስከም ብሩሽ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አምና ወደቡን ዞራ የጻፉትን ሁሉ ፎቶ አነሳች፤ ቤቷ ገብታም ፊደል በፊደል ቀዳችው። ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ጫፉ ላይ ጌጥ የሌለው፣ ከሩቅ የሚጣራ ፊደል ነው። ኮምፒውተር የሚጽፍበት የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት፣ አድርጋ ለከተማው የመርከብ ድርጅት መለያ ሸጠችው። ውሉ ላይ «የራሴ ፈጠራ ነው» ብላ ፈርማለች።

የዎበ አማች ፎልከርት እዚያው ድርጅት ቢሮ ነው የሚሠራው። ጋዜጣ ዘረጋና፣

«እዩልኝ! አዲሷ መርከባችን ላይ ያለው ጽሕፈት የሲትስከ ነው። አባባ፣ ተማሪዎ በለጠችዎት!» አለ።

«አንተ ደግሞ አፍህ አያርፍም» አለች የዎበ ሚስት ባውክየ፣ ኬክ እየቆረሰች።

ዎበ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከዚያ ግማሹ የተቆረጠ ጣታቸውን አንዱ ፊደል ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ኬ ፊደል እግሩ ጎበጥ ብሏል።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሲትስከ ጎንበስ ብላ አየችው።

«የመልሕቅ ገመድ ጣቴን ከቆረጠው ወዲህ እንዲህ ነው የሚወጣልኝ» አሉ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ ማቃናት አቃተኝ። አንቺ ታቃኚዋለሽ ብዬ ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ተይው። ቆንጆ አድርገሽ ሠርተሽዋል። እንኳን ደስ ያለሽ።» እጃቸውን ዘረጉላት።

ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። እውነቱን ከተናገረች ፎልከርት ነገ ጠዋት ቢሮው ይዞት ይገባል፤ ውሉም ስሟም ያበቃላቸዋል። ዝም ካለች ግን ሽማግሌው እስከ መቃብር ትንፍሽ አይሉም። ይሄን ማወቋ ነው ያሳፈራት። የኬክ ሳህኗን አስቀምጣ ተነሣች።

«ምነው፣ ልትሄጂ ነው?» አለች ባውክየ።

«አይ፣ ዙሩን አበላሽቼዋለሁ። እንደገና ልጀምር።»

«ሁለቴ ጨብጠሽ ሁለት ቁራሽ ኬክ ልትበዪ ነው!» አለ ፎልከርት እየሳቀ።

ሲትስከ እጇን መጀመሪያ ለእሱ ዘረጋች።

«እንኳን ደስ ያለህ። መርከባችሁ ላይ ያለው ጽሕፈት የአማትህ ነው። እኔ ቀድቼው ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ እጇን ግን አልለቀቀም። እሷ ቀስ ብላ አስለቀቀችና ያንኑ ልትናገር ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።