ከገብሱ ወገን

መሬት ባለፈው ብርድ የበቀለበትን እስከ ቀጣዩ አዝመራ ያስታውሳል? የገበሬው ልጅ ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። በብርዱ ወራት ከአባቷ ማሳ ግማሹን ስንዴ፣ ግማሹን ገብስ ዘራችው። ገብሱ ቀድሞ ደረሰ፤ እሱ በታጨደበት የተዘራው አኩሪ አተርም ስንዴው በታጨደበት ከተዘራው በአሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ መሬት ያዘ። አሁን የቀረው የሁለቱን ወገን የአኩሪ አተር ምርት ለየብቻ መመዘን ነበር።

የሚመዘነው ግን እህል ብቻ አልነበረም። ከተማ ያለው ወንድሟ ለማሳው ተከራይ አግኝቷል፤ አፈሩን ቆፍሮ የሚወስድ የጡብ ፋብሪካ። አባቷም ገብሱ ካላዋጣ ነገ ውሉን እፈርማለሁ ብለዋል።

ሚዛኑን ተሸክማ ስትደርስ፣ ሰው ሁሉ «ጥድፊያ» የሚለው የኮምባይነር ሾፌር ሁለቱንም ወገን አጭዶ አንድ ተጎታች ላይ ገልብጦታል። ለየብቻ ብላ ሦስት ጊዜ ነግራው ነበር።

«እህትዓለም፣ አኩሪ አተር እንደሁ አኩሪ አተር ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ማንን ተከትለህ ተዘራህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።»

የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው።

ሚዛኑን ልትመልስ ወደ እቃ ቤቱ ገባች። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለዘር ያስቀሩትን አኩሪ አተር ይፈለፍላሉ። በየዓመቱ አጨዳው ሳይጀመር ማሳውን ይዞሩና ፍሬ የሞላለትን እየመረጡ ነቅለው፣ አስረው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ቆጠረችው፤ ሠላሳ አንድ እስር።

«ከየትኛው ወገን ነው?»

«ከገብሱ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በስንዴውም ወገን ዞሬ ነበር። እጄ አልዘረጋ አለኝ።»

ገብስ የከብት ቀለብ ነው እያሉ ሲስቁባት የከረሙት እሳቸው ናቸው። ሊያስደስቷት ይሆን? ጥርጣሬዋ እንደ ልማዱ ቀደማት። ግን የመረጡት ከሳምንት በፊት ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከእስሩ አንድ ቆባ ወስዳ ፈለፈለች፤ ሦስት ድብልብል ፍሬ። የዚያ አገር መምህሯ ቢያይ «ይህ ማስረጃ አይደለም» ብሎ በቀይ ይሰርዘው ነበር።

«ዶክተሯ» አሉ አባቷ፤ ሊተርቧት ሲያምራቸው ነው እንዲህ የሚሏት። «ለመላው ማሳ ስንት ኩንታል የገብስ ዘር ይበቃል?»

ከነገረቻቸው በኋላ ደጃፉ ላይ ቆማ ለወንድሟ ጻፈች፦ «ቁጥር የለኝም። አባዬ ግን ዘሩን ሁሉ ከገብሱ ወገን መረጠ። ና እና በእጅህ ያዘው።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳያት። መልስ ግን ያን ዕለት አልመጣም፤ ገብሱ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ብቅ ሲልም አልመጣም።