ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ ያለው ባለቤቴ

ባለቤቴ ግዛቸው የጃፓን ኮሚክ መጽሐፍ ውስጥ የገባው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ሳህኑን አንስቼ ስመለስ ወንበሩን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉ ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ ተከፍቷል፤ ግዛቸውም ከታች በስተግራ ባለው የሥዕል ሳጥን ውስጥ አንድ ዓሣ መሸጫ በር ላይ ቆሟል። በቀለም ሲሳል ትንሽ ቀጠን ይላል። ጃኬቱ ግን ያው ጃኬቱ ነው። ክርኑ ላይ ያለውን እራፊ የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የራሴን ስፌት አልስትም።

ግዛቸው አሰላ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነበር። አብሮት ሁለት ዓመት የሠራ ጃፓናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘጠኝ ኮሚኮች ትቶለት ሄደ። «ቋንቋውን በሥዕል እማራለሁ፤ ጃፓን ለሥልጠና ስሄድ አንቺንም እወስድሻለሁ» አለኝ። አመንኩት። ከሥራ ሲመለስ እሱ እያነበበ፣ እኔ አጠገቡ እየሰፋሁ አንድ ዓመት አለፈ። የተማረውን ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ በግራ የጃፓኑን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛውን። የገባ ዕለት ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ሽፋኑ ላይ «ለአስካለ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መጽሐፉን ተቀብሎ አየና መነጽሩን አስተካከለ።

«ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«ጠፍቷል?»

«የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብልሽ? የመኖሪያ ለውጥ ከሆነ ራሱ ቀርቦ ይፈርም።»

ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ።

እናቱ እማማ ፈለቀች በማግስቱ መጡ። መጽሐፉን ከፊት ገልጠው «የለም እኮ!» አሉ።

«ከኋላ ነው የሚጀመረው፣ እማማ።»

አገኙት። ሥዕሉን በጣታቸው ዳሰሱና «ከሳብኝ» አሉ።

«እዚያ ሁሉም ቀጫጭን ናቸው።»

«ይቺ አጠገቡ ያለችው ማን ናት?»

«ዓሣ ሻጯ ናት።»

«ምን እያለችው ነው?»

«እንጃ፣ ገና ማንበብ አልችልም።»

ጃፓንኛ መማር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። አንድ ቀን ዓሣ ሲመዝን፣ ሌላ ቀን ሻይ ሲጠጣ አገኘዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ አንድ ቃል ይናገራል፤ ቃሉ ከአፉ በላይ ባለችው ክብ ውስጥ ይጻፋል። ደብተሩን አገላብጬ ትርጉሙን አገኘሁት፤ «የኔ ቆንጆ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ።» ሦስት ፊደል ይህን ሁሉ መያዙ ገረመኝ። የጃፓን ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ስለዚህ ጠበቅኩ። ወንድሜ ሐዋሳ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት ከፍቶ «ነይ አብረን እንሥራ» ሲለኝ ባለቤቴ ጠብቂኝ ብሎኛል ብዬ መለስኩለት። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ። ቅዳሜ ሲመጣ ፀጉሬን እሠራና መጽሐፉን እገልጥ ነበር።

በአምስተኛው ወር ከዘጠኙ ኮሚኮች ሌላ አንዱን ሳገላብጥ ያንኑ ቃል አገኘሁት። አንዲት አሮጊት መጥረጊያ አንስተው ከዓሣቸው ላይ ድመት ሲያባርሩ ነው የሚናገሩት። ስድስት ገጽ አልፎ አንድ ሰውዬ ዝንብ ሲያባርር ይለዋል። «ሂድ ከዚህ» ማለት ነው። ደብተሩን እንደገና ተመለከትኩ። «የኔ ቆንጆ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» ይላል፣ በግዛቸው ንጹህ የእጅ ጽሑፍ። ጥሎኝ ከመግባቱ በላይ ያንገበገበኝ ሽፋኑ ላይ ያለው «ለአስካለ» ነው። ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ እኔ አጠገቡ ሱሪውን እየሰፋሁለት ጽፎታል። ዕንባዬ መጣ፤ ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ ንዴቱ አልሄደም።

ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተትኩና ከሥዕሎቹ ብቻ መማር ጀመርኩ። ሥዕል አያታልለኝም። ሰው ዣንጥላ ሲዘረጋ ከተናገረ ስለ ዝናብ ነው፤ ሆዱን ይዞ ከተናገረ ስለ ረሃብ ነው። እውነተኛውን «ጠብቂኝ» ያገኘሁት አንዲት ልጅ የሚሄድ ባቡር እየተከተለች ስትሮጥ ነው። ያን ቃል አሥር ጊዜ ጻፍኩት። በሰባት ወር ዘጠኙንም መጻሕፍት ጨረስኩና ወደ ገጽ ሃምሳ ሁለት ተመለስኩ።

ዓሣ ሻጯ ወደ ላይ፣ ወደ እኔ እየጠቆመች ነበር።

«ያቺ ከላይ የምታየን ሴት ማን ናት?» ትላለች።

«አታስቢ» ይላታል ባለቤቴ። «ማንበብ አትችልም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መጽሐፉ ላይ ጎንበስ ብዬ በጃፓንኛ «እችላለሁ» አልኩ።

ገጹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ዓሣ ገዢዎቹ አዩኝ፣ ባለ ብስክሌቱ አየኝ፣ ዓሣ ሻጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ጀርባውን የሰጠኝ ግዛቸው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሥዕሉ ተለውጦ ነበር። ዓሣ ሻጯ የጃኬቱን ክርን ይዛ በመቀስ ጫፍ እራፊውን ትተረትራለች። የእኔ ስፌት አላስደሰታትም መሰለኝ። የተተረተረው ጥቁር ክር ከሳጥኑ ወጥቶ፣ ከገጹ ጠርዝ ወርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። ጫፉን ያዝኩት። ክሬ ነው።

ባዶ የክር መጠቅለያ አምጥቼ ማጠንጠን ጀመርኩ። መጀመሪያ እራፊው አለቀ። ቀጥሎ እጅጌው መጣ፤ እዚያ ነገር ሁሉ በአንድ ጥቁር መስመር የተሳለ ስለሆነ ክሩ አልተቋረጠም። ከእጅጌው በኋላ ክንዱ መጣ። ዓሣ ሻጯ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆማለች። እማማ ፈለቀች ደውለው «ልጄ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ዛሬም ትንሽ ከስቷል» አልኳቸው።

አሁን አንገቱ ጋ ደርሻለሁ። ግዛቸው ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፤ ቅዳሜ ግን አይደለም። ከአፉ በላይ ባለችው ክብ ውስጥ ባቡር ተከትላ የምትሮጠው ልጅ ቃል ተጽፏል። መጠቅለያው እጄ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል፤ የክቧም መስመር ከጫፏ መፈታት ጀምሯል።