የመሪጌታው ቀኝ እጅ

ሲስተር ሐረገወይን የታካሚውን ካርድ ዘጋችና ዕቃ የጠፋባት ባልቴት ሠራተኛዋን በምታይበት ዓይን ተማሪዋን ምስጢርን አየቻት።

«ስንት ሰጠሽው?»

«አሥራ ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን፣ ሲስተር። የታዘዘውን።»

«ትናንትም አሥራ ሁለት ብለሽኛል። ትናንትም አምስት ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት ተዘረረ፤ ዛሬም ያው። ስኳሩ ወርዶ አርባ ሁለት! ቁርሱን በልቷል፤ ሳህኑን እኔው አይቼ ካርዱ ላይ ጽፌያለሁ። ታዲያ ከመርፌሽ በቀር ማንን ልጠርጥር?»

ምስጢር የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት፤ ጎንደር ውስጥ ወዳለው ወደዚህ ሆስፒታል ለልምምድ ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

«ነገም ከወደቀ ለትምህርት ቤትሽ እጽፋለሁ» አለች ሲስተር። «ልምምድሽ እዚያው ላይ ያበቃል።»

ታካሚው መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የዛሪማ የዜማ መምህር ናቸው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው በቅርቡ ነው። ሁለቱንም ቀን በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሲገባላቸው ነቅተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ምስጢር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ መርፌ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ መስመሮቹን ደጋግማ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ያው አሥራ ሁለት ነው። ቢሆንም ሰው ደጋግሞ ሲጠረጥርህ የገዛ እጅህንም ማመን ያቅታል።

ከዚያ ዓይኗ አስታማሚዋ ላይ ዐረፈ። የመሪጌታው ልጅ እንኳየሁ ነርስ በመጣ ቁጥር ቢጫ ጀሪካኗን ወደ አልጋው ሥር ትገፋለች። ምግብ ሲመጣ መጋረጃውን ትስባለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለቻት ምስጢር።

«ጠበል ነው። ምነው? ያ ሌላኛው ነርስ እንደ ደፋብኝ ልትደፊብኝ ነው?»

«ስኳር ያወርዳል የሚሉትን ቅጠል አልበጠበጥሽበትም?»

«እኔ ለአባቴ መርዝ ላጠጣ?» አለችና ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ምስጢር የሰበረችውን ዓይን አልወደደችውም። እውነተኛ ሰው እንዲህ ሲባል ይቆጣል እንጂ ምን ያስደነግጠዋል?

ሐኪሙ በዚያው ማታ መድኃኒቱን ወደ ስምንት ዩኒት ዝቅ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጾም ፍርፍር መጣ፤ መጋረጃው ተሳበ፤ ሳህኑ ባዶውን ወጣ። ሲስተር ከምስጢር ኋላ ቆመች።

«መጀመሪያ ለኪ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ትወጊያለሽ።»

የመሪጌታው ግራ እጅ ላይ የግሉኮሱ መስመር ስላለ ምስጢር ቀኙን ያዘች። ጣታቸውን ከመብጣቷ በፊት በአልኮል ጥጥ አሸችው። ጥጡን ልትጥል ስትል እጇ ቆመ። ጥጡ ነጭ ነበር።

ጣታቸውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። በርበሬ አይሸትም፤ ጥፍሩም ሥር ምንም የለም። የክፍሉ ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ቀኑ ነው፤ በጠበል ደግሞ የወጥ እጅ የሚታጠብ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። ለካችው፤ ዘጠና ስድስት፤ አሁን የበላ የስኳር ታካሚ ቁጥር አይደለም። መርፌውን የመድኃኒት ትሪው ላይ መለሰችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሲስተር።

«አልወጋም።»

«ምን አልሽ?»

«አልወጋም፣ ሲስተር። መሪጌታ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«ሳህኑ ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ስለ ሳህኑ አይደለም የጠየቅሁዎት።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ዳዊታቸው መለሱ። ከጎን ባለው አልጋ ላይ የተኛው እግሩ የተሰበረ ገበሬ፣ አያ ወንዴ፣ እጁን ቀስ አድርጎ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ።

«አያ ወንዴ፣ እጅዎን እስቲ ያሳዩኝ።»

«ምነው? የተሰበረው እግሬ ነው!»

«እጅዎን።»

አወጣው። እስከ አንጓው ቀልቷል።

«ወይ ጉድ!» አለች ሲስተር። «የራስህስ ቁርስ?»

«እሱንም በልቻለሁ» አለ ወንዴ አቀርቅሮ። «አምጣ ብዬ አልለመንሁም። አስታማሚ የለህም፣ ብላ አሉኝ። የቄስ ቃል ይሻራል?»

እንኳየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። «እንዳትናገሪ ብሎ ገዝቶኝ ነው! የአባት ግዝት እንዴት ልጣስ? ሲወድቅ እያየሁ...»

«ልጄን ተዉአት» አሉ መሪጌታ። «ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። መርፌው በአፍ አይገባም፣ ጾም አይሽርም ብዬ እጄን ሰጠሁ። ሐሰትም አልተናገርሁ፤ በላህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ሳህኑን እያየ ነው የሚሄደው።»

«ለታመመ ሰው በጾም መብላት ይፈቀድ የለም ወይ?» አለች ሲስተር።

«ለሌላው ስንቴ ፈቅጃለሁ። ለራሴ ልቤ እምቢ አለኝ።»

«መርፌው ምግብ ይመጣል ብሎ ነው ስኳርዎን የሚያወርደው» አለች ምስጢር። «ምግቡ ሲቀር ያለውን ጠርጎ ይወስደዋል። አንድ ቀን ግሉኮሱ ሳይደርስልዎ ይቀራል። ያን ጊዜ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ቀና ብለው አይዋት። «አንቺን ነበር የሚጠረጥሩሽ?»

«ሁለት ቀን ሙሉ።»

ዳዊታቸውን ዘጉ። «ይህንስ አላወቅሁም።»

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። መርፌው ከምግቡ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሆን፣ እስከዚያም ስኳሩ በየሁለት ሰዓቱ እንዲለካ፣ ከወረደ ግን መሪጌታ ጾሙን ትተው ስኳር እንዲወስዱ ተስማሙ። ሲስተር ይቅርታ አልጠየቀችም። ካርዱን ገልጣ፣ ሁለት ቀን በገዛ እጇ «በልቷል» ብላ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ፈረመች፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ለምስጢር ሰጠቻት።

«ያየሽውን ጻፊ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርፍሩ መጣ። ምስጢር ስምንት ዩኒቷን ወግታ ከአልጋው እግርጌ ቆመች። መሪጌታ አማተቡ፣ ጎረሱ፣ ደገሙ። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ቀና አሉ።

«ምነው እንዲህ ታፈጪብኛለሽ? ሰው ሲበላ አይታይም።»

«እጅዎን ነው የማየው» አለች። «ይብሉ፣ ይብሉ። አያ ወንዴ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ!»